የሐሞት ጠጠር፦ ይጠበቅ፣ ይሟሟ ወይስ ይውጣ?

አልትራሳውንድ ተነስታችሁ ውጤቱ ላይ «ሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር አለ» የሚል ካያችሁ፣ ስለ ኦፕሬሽን ከማሰባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ይህ ጠጠር አሞኝ ያውቃል? ከዚህ በታች የምናወዳድራቸው ምርጫዎች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚወሰኑት በዚህ መልስ ነው። ሰው የሚጨነቀው በብዛቱና በመጠኑ ነው፤ «ብዙ ጠጠር አለብህ» ስለተባለ ብቻ እንቅልፍ የሚያጣ አለ። ሐኪሙን ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ጠጠሩ የት እንዳለና እስካሁን ምን እንዳደረገ ነው። 3 ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ ጠጠር የሐሞት ቱቦ ውስጥ ገብታ ቆሽትን ልታስቆጣ ትችላለች፤ በጣም የምትበልጣት ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ እንደተቀመጠች ዕድሜ ልኳን ዝም ልትል ትችላለች።

በበለጸጉት አገሮች ከ100 አዋቂዎች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት የሐሞት ጠጠር አለባቸው። ከእነዚህ ከአምስቱ አራቱ ምንም አይሰማቸውም። ስለዚህ ጠጠር መገኘቱ ብቻውን አያስደነግጥ።

እንዴት ይፈጠራል?

ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሐሞት ያመነጫል። ሐሞት ቅባት እንዲፈጭ የሚረዳ ፈሳሽ ነው። የተወሰነው ከጉበት ስር ባለችው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፤ የምትይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ስንበላ ትጨመቅና ሐሞቱን በቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ትልካለች። ሐሞቱ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሊሟሟ ከሚችለው በላይ ሲሆን፣ ወይም ከረጢቷ በደንብ ሳትጨመቅ ስትቀር፣ መጀመሪያ ዝቃጭ፣ ቀጥሎ ጠጠር ይሆናል። አብዛኛው ጠጠር የኮሌስትሮል ነው። ጥቁር ጠጠር ቀይ የደም ሴል ቶሎ ቶሎ በሚፈርስባቸው ሰዎች ላይ ይታያል፣ ለምሳሌ ሲክል ሴል የሚባለው በሽታ ባለባቸው። ቡናማው ደግሞ ከቱቦ ኢንፌክሽን ጋር ይያያዛል። ይህን ያዙልኝ፤ መድኃኒት ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ሴቶች፣ በተለይ ያረገዙና የወለዱ፣ ኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ያለበት መድኃኒት የሚወስዱ፣ ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ፣ ክብደታቸው የጨመረ፣ በቤተሰብ ውስጥ ጠጠር ያለባቸው ይበልጥ ይጋለጣሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን በፍጥነት መክሳትም ጠጠር እንደሚያመጣ ነው። በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚያስቀንስ ዳይት አደገኛ ነው። ጠጠር ተገኘብኝ ብላችሁ በድንጋጤ ራሳችሁን በረሃብ አትቅጡ፤ ነገሩን ታባብሱታላችሁ። ቀስ ብላችሁ ቀንሱ።

ሕመሙ የጠጠሩ ነው ወይስ የሌላ?

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ስህተት የሚበዛው እዚህ ጋ ነው።

የጠጠር ሕመም የራሱ መልክ አለው። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ስር ወይም ከእምብርት በላይ መሃል ላይ ይጀምራል፣ እየበረታ ይሄድና አንድ ደረጃ ላይ ደርሶ እዚያው ይቆያል። ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ከምግብ በኋላ ወይም ሌሊት ይነሳል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይቆይና ይለቃል። መገላበጥም ሆነ ሽንት ቤት መሄድ አያሽለውም። ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሊኖር ይችላል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ድረስ ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ የሚቀጥለው በሳምንትም በዓመትም ሊመጣ ይችላል።

የሆድ መነፋት፣ ግሳት፣ ቃር፣ ትንሽ በልቶ መጥገብ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። እነዚህ በአብዛኛው የጨጓራ ወይም የአንጀት ጉዳዮች ናቸው፣ ከረጢቱን ማስወጣትም ብዙ ጊዜ አያስተካክላቸውም። ተቃራኒውም አለ። ለዓመታት «ጨጓራ ነው» እየተባሉ መድኃኒት ሲውጡ የከረሙ፣ ሕመማቸው ግን ከላይ የገለጽኩትን የሚመስል ሰዎች አሉ፤ እነሱ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ቢነሱ ይሻላቸዋል። ሁለቱም በሽታ አንድ ሰው ላይ ሊገኝም ይችላል፣ ለዚህም ነው አንዳንድ ሐኪም ከኦፕሬሽን በፊት የጨጓራ ኢንዶስኮፒ የሚያዘው። ቢታዘዝላችሁ ገንዘብ ማባከን ነው ብላችሁ አትቆጡ።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በኔዘርላንድስ ከ1000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመ ጥናት ነበር። ሰዎቹ ጠጠርም የሆድ ሕመምም ነበራቸው። አብዛኞቹ ከረጢታቸውን አስወጡ። ሆኖም ከአንድ ዓመት በኋላ ከሕመም ነጻ የነበሩት ከ56 እስከ 60 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቀሪዎቹ አሁንም ሆዳቸውን ያማቸው ነበር። ስለዚህ «ከረጢቴ ቢወጣ ይህ ሕመሜ ይጠፋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ቀዶ ሐኪማችሁ ፊት ሳታፍሩ አንሱት።

አንዳንድ ምልክት ግን ለውይይት ጊዜ አይሰጥም። ከ6 ሰዓት በላይ የማይለቅ ሕመም፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆርና የሰገራ መንጣት፣ ወይም ወደ ጀርባ ዘልቆ የሚወጋና ማስመለሱ አልቆም ያለ ከባድ የሆድ ሕመም ካለ ይህን ጽሑፍ ተዉትና አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከረጢቱ ተቆጥቶ፣ ቱቦው ተዘግቶ ኢንፌክሽን ገብቶበት ወይም ቆሽት ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል።

የትኛው ምርመራ?

ከረጢት ውስጥ ላለ ጠጠር አልትራሳውንድን የሚያህል የለም። ከ95 በመቶ በላይ ያገኘዋል፣ ጨረር የለውም፣ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። 6 ሰዓት ያህል ሳይበሉ መሄድ ያስፈልጋል፤ ከበላችሁ ከረጢቱ ስለሚጨመቅ በደንብ አይታይም።

ሲቲ ስካን ስለሚወደድ የተሻለ ይመስላል። ለዚህ ጉዳይ ግን አይደለም። የኮሌስትሮል ጠጠር በሲቲ ላይ ከሐሞቱ ጋር ተመሳስሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ «ሲቲ ተነስቼ ነጻ ነህ ተብያለሁ» ማለት ጠጠር የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ሲቲ የሚጠቅመው ችግሩ ሲወሳሰብ ነው፤ ከረጢቱ ተቀዷል ወይ፣ መግል ቋጥሯል ወይ፣ ቆሽት ምን ያህል ተጎድቷል የሚለውን ለማየት።

የአልትራሳውንድ ድክመቱ ቱቦው ነው። አንጀት ውስጥ ያለ አየር ስለሚሸፍነው ዋናው የሐሞት ቱቦ ውስጥ የገባን ጠጠር ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ቱቦው ሰፍቶ ከታየ፣ ወይም የደም ምርመራው ላይ ቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም) እና የጉበት ኢንዛይሞች ከፍ ካሉ ሐኪሙ ይጠረጥራል። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው። ኤምአርሲፒ የኤምአርአይ ዓይነት ነው፤ ምንም ነገር ሰውነት ውስጥ ሳይገባ ቱቦዎቹን ያሳያል። ኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ደግሞ በአፍ በሚገባ ቱቦ ጫፍ ላይ ባለ መሣሪያ ከውስጥ የሚታይበት ነው፤ በጣም ጥቃቅን ጠጠሮችን በማግኘት ይበልጣል፣ ግን የሚያስተኛ መድኃኒትና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። እንደኔ ኤምአርሲፒ ካለ በእሱ መጀመር፣ እሱ ምንም ሳያሳይ ጥርጣሬው ካልጠፋ ወደ ሁለተኛው መሄድ ጥሩ ነው። ኢአርሲፒን (በአፍ በሚገባ መሣሪያ የሐሞት ቱቦ የሚጸዳበትን) ግን «እስቲ ምን እንዳለ እንይ» ተብሎ እንዲደረግላችሁ አትፍቀዱ። እሱ ዛሬ ሕክምና እንጂ ምርመራ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

ምርጫ አንድ፦ መጠበቅ

ጠጠሩ አሟችሁ የማያውቅ ከሆነ፣ ለሌላ ነገር ስትመረመሩ በአጋጣሚ የተገኘ ከሆነ፣ ተዉት። በዓመት ከ100 ሰዎች ሕመም የሚጀምራቸው ከ1 እስከ 4 ብቻ ናቸው፣ ሲጀምርም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ተራው ሕመም ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ አለ። ለእነዚህ ሰዎች የኦፕሬሽኑ አደጋ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ከዚህ ወጣ የሚሉ ሰዎች አሉ። ጠጠሩ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ፣ አብሮት 10 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ፖሊፕ (ከከረጢቱ ግድግዳ የበቀለ ትንሽ እብጠት) ካለ፣ ወይም የከረጢቱ ግድግዳ ካልሲየም ጋግሮበት ከሆነ ካንሰርን በመስጋት ባያምም እንዲወጣ ሊመከር ይችላል። ሲክል ሴል ያለባቸው ሰዎችም ከሐኪማቸው ጋር ለብቻው ሊነጋገሩበት ይገባል።

ሕመም ላላቸው ሰዎችስ መጠበቅ ይቻላል? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መልሱ «አንዴ ካመመ ይውጣ» ነበር። በ2023 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ግን ነገሩን ትንሽ ለወጠው። ያልተወሳሰበ የጠጠር ሕመም ያላቸው 434 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ኦፕሬሽን ታዘዘላቸው፣ ግማሾቹ ማስታገሻ እየወሰዱ እንዲጠብቁ ተነገራቸው። በ18 ወር ውስጥ ከጠባቂዎቹ ኦፕሬሽን የተደረጉት 25 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በሕመም በኩልም በሁለቱ ቡድኖች መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፤ ኦፕሬሽን ከታዘዘላቸውም በጊዜው የተደረጉት 67 በመቶ ናቸው፣ 18 ወርም ረጅም ጊዜ አይደለም።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህን ነው። ሕመሙ በዓመት አንዴ ሁለቴ የሚመጣና በማስታገሻ የሚለቅ ከሆነ፣ ነገሩ ቢብስም በቶሎ ሆስፒታል መድረስ የምትችሉ ከሆነ፣ መጠበቅ ያስኬዳል። በየሳምንቱ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ አትጠብቁ። ከረጢታችሁ አንዴ ተቆጥቶ፣ ወይም ጠጠር ቱቦ ገብቶ፣ ወይም ቆሽታችሁ ታሞ ከሆነ ደግሞ መጠበቅ ምርጫ ውስጥ አይገባም፤ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ስትጠብቁ የሚረዳችሁ ቅባት የበዛበት ምግብ መቀነስና ሕመም ሲነሳ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ ነው። የኩላሊት ችግር ወይም የጨጓራ ቁስለት ካለባችሁ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱት።

ምርጫ ሁለት፦ ማሟሟት

ሁሉም ሰው የሚመኘው ይህን ነው፤ ኪኒን ውጦ ጠጠሩ ቢጠፋ። መድኃኒቱ አለ፣ ኧርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ ይባላል። በእርግጥም ያሟሟል። ግን ጠጠሩ የኮሌስትሮል መሆን አለበት፣ ትንሽ መሆን አለበት (ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ከ5 ሚሊ ሜትር ባያልፍ ደግሞ ይመረጣል)፣ ካልሲየም ያልያዘ መሆን አለበት፣ ከረጢቱም አሁንም የሚጨመቅ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ የሚያሟላ ታካሚ ጥቂት ነው። ቢያሟላም ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት በየቀኑ መዋጥ ይጠይቃል፣ ጠፍቶም በ5 ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሰዎች ላይ ተመልሶ ይመጣል። ጠጠሩን የሠራው ከረጢት እዚያው አለና።

ስለዚህ ይህን የምመክረው ኦፕሬሽን ለማይችል ወይም ለማይፈልግ፣ መስፈርቱንም ለሚያሟላ ሰው ነው። ሌላ ጥሩ ቦታ ግን አለው፤ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ኦፕሬሽን ለተደረጉ ሰዎች ለ6 ወር ያህል ሲሰጥ ጠጠር እንዳይፈጠር ይከላከላል።

በድምፅ ሞገድ መፍጨት ለኩላሊት ጠጠር ጥሩ ሠርቷል። ለሐሞት ጠጠር ከ1985 ጀምሮ ተሞክሮ ነበር፣ ጠጠሩ እየተመለሰ ስላስቸገረ ዛሬ ከረጢት ውስጥ ላለ ጠጠር ቀርቷል ማለት ይቻላል።

የወይራ ዘይትና የሎሚ ጭማቂ ጠጥቶ «ጠጠሩን ማውጣት» የሚባለውን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ከጠጡት በኋላ የሚወጡት አረንጓዴ ለስላሳ ድቡልቡሎች የሐሞት ጠጠር አይደሉም። ዘይቱ ራሱ ሆድ ውስጥ ወደ ሳሙናነት ተቀይሮ የሚፈጥራቸው ናቸው፤ ጠጠር የሌለበት ሰው ቢጠጣም ይወጣሉ። ብዙ ዘይት በአንዴ መጠጣት ደግሞ ከረጢቱን አጥብቆ ስለሚያስጨምቅ ሕመሙን ሊያስነሳ ይችላል። እባካችሁ አትሞክሩት።

ምርጫ ሦስት፦ ማስወጣት

«ጠጠሩ ብቻ ወጥቶ ከረጢቱ ቢቀርስ?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። መልሱ ቀደም ብዬ ያልኩት ነው፤ ከረጢቱ ካለ ጠጠሩ ይመለሳል። ስለዚህ የሚወጣው ከረጢቱ ከነጠጠሩ ነው። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፣ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ኦፕሬሽን በርሊን ውስጥ በካርል ላንገንቡሽ የተሠራው በ1882 ነው። ያኔ ሆድ ተከፍቶ ነበር። በ1985 ጀርመናዊው ኤሪክ ሙኸ በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ፣ ሠራው።

ዛሬ ላፓሮስኮፒ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት ትናንሽ ቀዳዳ ነው። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል፣ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል። በክፍት ኦፕሬሽን ግን ቁስሉ ትልቅ ነው፣ ጥቂት ቀን ሆስፒታል መተኛት አለ፣ ለማገገም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል።

ታዲያ ክፍቱን ማን ይመርጣል? አንዳንዴ ምርጫው የታካሚው አይደለም። ከረጢቱ ክፉኛ ተቆጥቶ ከተጣበቀ፣ ደም ካስቸገረ ወይም ሐኪሙ ቱቦዎቹን በደንብ መለየት ካቃተው፣ በላፓሮስኮፒ የተጀመረው ወደ ክፍት ይቀየራል። ይህ ሲሆን «አበላሹኝ» አትበሉ። በዚህ ኦፕሬሽን ከሁሉ የሚፈራው ዋናው የሐሞት ቱቦ መቆረጥ ነው፤ ከ1000 ሰዎች ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል፣ ሲደርስም ኑሮ የሚያናጋ ጉዳት ነው። ቱቦው አልታይ ሲለው እልህ ውስጥ ሳይገባ የሚከፍት፣ ወይም ከረጢቱን በከፊል አውጥቶ የሚመለስ ሐኪም እናንተን እየጠበቀ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ሐኪሙ ይህን ኦፕሬሽን አዘውትሮ ይሠራ እንደሆነ፣ ቱቦው ግልጽ ሆኖ ካልታየው ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በጥያቄው አይከፋም።

መቼ ይሁን?

ከረጢቱ ተቆጥቶ ሆስፒታል ከገባችሁ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እዚያው እንደተኛችሁ በቀናት ውስጥ ማስወጣት፣ ሁለተኛው በአንቲባዮቲክ አብርዶ ከ6 ሳምንት በኋላ መመለስ። የቀድሞው ልማድ ሁለተኛው ነበር፣ አሁንም የሚከተሉት አሉ። ማስረጃው የሚያደላው ግን ለመጀመሪያው ነው፤ በተቻለ መጠን በ3 ቀን፣ ካልሆነም በአንድ ሳምንት ውስጥ። በቶሎ ማድረግ አጠቃላይ የሆስፒታል ቆይታን ያሳጥራል፣ የቱቦ ጉዳትን አይጨምርም፣ ቀጠሮ ሲጠብቁ እንደገና ታሞ መመለስንም ያስቀራል። «ይብረድና ትመጣላችሁ» ከተባላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ጥሩ ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ ለምሳሌ መታከም ያለበት የልብ ሕመም ወይም ብዙ ቀን የቆየ የከረጢቱ መቆጣት።

በዕድሜና በሌላ በሽታ የደከመ ሰው ሲሆን ብዙ ቤተሰብ «ኦፕሬሽኑን አይችለውም፣ በቱቦ መግሉ ይፍሰስለት» ማለት ይቀናዋል። በ2018 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን አወዳድሮ ነበር። ከባድ ችግር የገጠማቸው ላፓሮስኮፒ ከተደረጉት 12 በመቶ፣ በቆዳ በኩል ወደ ከረጢቱ የሚገባ ማፍሰሻ ቱቦ ከተደረገላቸው ግን 65 በመቶ ነበሩ። ቱቦው ቀላል ይመስላል እንጂ ችግሩን ወደ ሌላ ቀን ያስተላልፈዋል። ለእውነት ሰመመን ለማይችል ሰው ግን አሁንም ነፍስ ያድናል።

ነፍሰ ጡሮች ሕመሙ እየተመላለሰ ካስቸገራቸው ላፓሮስኮፒ ማድረግ ይቻላል፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ጠጠሩ ቱቦ ውስጥ ከሆነ

እዚህ ጋ ሥራው ሁለት ይሆናል፤ ቱቦውን ማጽዳትና ከረጢቱን ማውጣት። የተለመደው መጀመሪያ ኢአርሲፒ ነው። በአፍ ገብቶ፣ ቱቦው አንጀት ላይ የሚከፈትበትን ቦታ ሰፋ አድርጎ ጠጠሩን ጎትቶ ያወጣል። ሆድ አይቀደድም። ነገር ግን ከ100 ሰዎች ቢያንስ በ3ቱ ላይ ቆሽትን ያስቆጣል፣ መድማትና መበሳትም ሊያመጣ ይችላል። ጠጠር መኖሩ በሌላ ምርመራ ሳይረጋገጥ አይደረግ ያልኩት ለዚህ ነው። ሌላው አማራጭ በላፓሮስኮፒው ወቅት ቱቦውንም አብሮ ማጽዳት ነው። አንድ ሰመመን፣ አንድ የሆስፒታል ቆይታ፤ ግን ይህን የሚችል ቀዶ ሐኪም በየቦታው አይገኝም። ሁለቱም ጥሩ ይሠራሉ፣ ሆስፒታላችሁ የለመደውን ምረጡ። ኢአርሲፒ ተደርጎላችሁ ሕመሙ ስለጠፋ ግን ከረጢቱን ትታችሁ አትቅሩ፤ ሌላ ጠጠር ሊከተል ይችላል።

ከወጣ በኋላ

ያለ ከረጢት መኖር ይቻላል። ጉበቱ ሐሞት ማምረቱን አላቆመም፤ ሳይጠራቀም ቀጥታ ወደ አንጀት ይንጠባጠባል። አብዛኛው ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያሻውን ይበላል። ጥቂቶች ላይ ተቅማጥ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ይሻላል፤ ካልተሻለ ኮሌስቲራሚን የሚባል ሐሞቱን የሚይዝ መድኃኒት አለ። በላፓሮስኮፒ ማግስት ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ሆድን ለመንፋት የገባው ጋዝ የሚያመጣው ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ሆድ ከተነፋ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ለቀጠሮው ቀን ሳትጠብቁ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ተመለሱ፤ ሐሞት እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም የድሮው ዓይነት ሕመም ከተመለሰ «ከረጢቴ ወጥቷል፣ የሐሞት ሊሆን አይችልም» አትበሉ። ቱቦ ውስጥ የቀረ ወይም እዚያው አዲስ የተፈጠረ ጠጠር ሊሆን ይችላል፣ ከረጢታችሁ መውጣቱን ነግራችሁ የጉበት የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይታዘዝላችሁ።